ከኩራዝ እስከ ኤል ኢ ዲ፤ የመኪና የኋላ መብራት ታሪክ

ባለፈው የብርድ ወራት አንድ ወዳጄ ዕቃ የሚያመላልስባትን አሮጌ ፒካፕ የኋላ አምፖሎች አወጣና በምትካቸው ኤል ኢ ዲ የሚባሉትን አዲሶቹን አምፖሎች ከተተባት። ሥራው ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። አንድ ካቻቢቴ፣ ጥቂት ብሎን፣ ሁለት አምፖል፤ ይኸው ነው። ከግቢው ወጥቶ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ፍሬቻ ሲያሳይ ግን፣ እንደ ወትሮው ረጋ ብሎ ብልጭ ድርግም ይል የነበረው መብራት እንደ ደነገጠ ሰው ልብ ይርገበገብ ጀመር። ወዲያው ስልክ ደውሎ፣ «ኧረ መኪናዬ አበደችብኝ!» አለኝ።

እኔም ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ መቅዳትን ብቻ ስለሆነ፣ ሁለታችንም አዲስ አበባ ውስጥ በጋራዥ የመኪና ኤሌትሪክ ሲሠሩ ብዙ ዘመን ወደ ኖሩና አሁን በጡረታ ከልጃቸው ጋር ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ሄድን። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ የፒካፗን ፍሬቻ ትንሽ አይተው ፈገግ አሉ። «እሷስ አላበደችም። አምፖል ተቃጥሏል ብላ እየነገረቻችሁ ነው። የለመደችውን ያህል ኤሌትሪክ የሚጠጣላት አጥታ ነው» አሉ። ቀጥለውም ወዳጄን፣ «ለመሆኑ ፍሬን ስትረግጥ ከኋላ ቆሞ ያየልህ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁት። ወዳጄ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። ማንም አላየም።

ይህች ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለች የኋላ መብራትን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም የፊት መብራት ለነጂው መንገድ ያሳየዋል፣ ሞተሩ ይወስደዋል፣ ወንበሩ ያሳርፈዋል። የኋላውን መብራት ግን ነጂው እየነዳ ሊያየው አይችልም፤ ተሸክሞት የሚዞረው ለማያውቀው ሰው ሲል ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል የአገራችን ሰው። የኋላ መብራት ታሪክ እንግዲህ የሰው ልጅ ለሌላው ሲቆርስ ምን ያህል እንደሚያሳንስ፣ ሳያሳንስ መቁረስን ለመማርም ስንት ዘመን እንደፈጀበት የሚያሳይ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የላምባው ዘመን

ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በ1886 የሞተር ሠረገላውን ሲያስመዘግብ ስለ ኋላ መብራት የሚያስጨንቀው ነገር አልነበረም፤ ከኋላው የሚመጣው ፈረስ ነበርና። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች መብራታቸውን የወረሱት ከፈረስ ጋሪ ነው። በላምባ የሚነድ ኩራዝ፣ ነፋስ እንዳያጠፋው በመስታወትና በነሐስ ቤት ውስጥ ተደርጎ ይንጠለጠላል። ቆይቶ ካልሲየም ካርባይድ በሚባል ድንጋይ መሰል ነገር ላይ ውሃ ጠብ እየተደረገ የሚወጣው አሴቲሊን የተባለ ጋዝ ሲመጣ የፊቱ ብርሃን እጅግ ደመቀ። ለኋላው ግን ብዙውን ጊዜ ያው ኩራዝ ቀረለት። ለራስ ሲሆን ጋዝ፣ ለኋለኛው ሲሆን ላምባ! ፎርድ ከ1908 ጀምሮ ያወጣው ስመ ጥሩው ሞዴል ቲ እንኳ የኋላ መብራቱ ለዓመታት የላምባ ነበር። ሲመሽ ነጂው መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ ክብሪት ጭሮ ያበራዋል፤ በመንገድ ላይ ነፋስ ወይም መንገጫገጭ ቢያጠፋበት ግን የሚነግረው የለም።

ቀይ የሆነበትም ምክንያት ከባቡር ሐዲድ የመጣ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የባቡር ኩባንያዎች ቀይን የአደጋና የመቆም ምልክት አድርገውት ነበር። በእንግሊዝ አገር በመጨረሻው ፉርጎ ኋላ ቀይ ፋኖስ ይሰቀል ነበር። ከኋላ የሚመጣው ባቡር እንዲያየው፣ የጣቢያውም ሠራተኛ ባቡሩ መንገድ ላይ ሳይቆረጥ ሙሉው ማለፉን እንዲያረጋግጥ ነው። መኪና ይህን ቋንቋ እንዳለ ወሰደው።

በ1912 ካዲላክ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራውን የኤሌትሪክ ማስነሻና መብራት ይዞ ሲወጣ፣ ማኑዌላ ማዞርና ክብሪት መጫር ቀስ በቀስ ይቀሩ ጀመር። በ1925 ደግሞ ፎርድ በሞዴል ቲ ላይ የጭነት ሣጥን ገጥሞ በፋብሪካ የተሠራ ፒካፕ በ281 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት ገበሬውና ነጋዴው የመኪናቸውን ኋላ እያስቆረጡ ሣጥን ያስገጥሙ ነበር። ፒካፕ ከመነሻዋ የሥራ ከብት ናት፤ ለሥራ ከብት ደግሞ ጌጥ አይበዛላትም። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ይወጡ የነበሩ ብዙ ፒካፖች የኋላ መብራታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በግራ በኩል። የቀኙን የፈለገ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል። ይሁንና አንድ ቀይ ነጥብ በጨለማ ውስጥ ሲታይ ሞተር ብስክሌት ይሁን የጭነት መኪና፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ፣ ለመለየት ያስቸግራል። ሁለተኛው መብራት የመጣው ለማማር ሳይሆን ከኋላ ያለው ሰው ስፋትንና ርቀትን እንዲገምት ነው።

እጅ፣ ቀስትና ፍሬቻ

እስካሁን ያነሣነው መብራት የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «እዚህ አለሁ» ማለት። «ልቆም ነው» ወይም «ልታጠፍ ነው» ማለት አይችልም። ይህን ነጂው የሚናገረው በመስኮት እጁን አውጥቶ ነው። ዝናብም ቢሆን በረዶም ቢሆን መስኮት ይከፈታል፣ እጅ ይወጣል፤ በጨለማ ግን እጅ አይታይም። ፍሎረንስ ሎውረንስ የተባለችው የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይ በ1914 ገደማ በቁልፍ የሚነሣ የመታጠፊያ ምልክትና ፍሬን ሲረገጥ «ቁም» የሚል ጽሑፍ የሚያወጣ ሰሌዳ እንደሠራች ይነገርላታል። ፈጠራውን በስሟ ባለማስመዝገቧ ግን ጥቅሙን ሌሎች በሉት።

በአውሮፓ ደግሞ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ፣ ከመኪናው ጎን ወጥቶ እንደ ክንድ የሚዘረጋ፣ በውስጡ አምፖል ያለበት ምልክት በብዙ መኪናዎች ላይ ይታይ ነበር። ፎልክስቫገን በአውሮፓ ለሚሸጣቸው ትንንሾቹ መኪናዎቹ ይህን ክንድ እስከ 1960 ድረስ ገጥሟል። ጣሊያኖች የመታጠፊያውን ምልክት «ፍሬቻ» ይሉታል፤ ቀስት ማለት ነው። እኛም ከፍሬን፣ ከፍሪስዮንና ከማኑዌላ ጋር ቃሉን ከእነሱ ወስደን ይኸው እስከ ዛሬ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ፣ ፍሬቻ እንላለን። የሚዘረጋው ክንድ ከመኪናው ላይ ከጠፋ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቀስቱ ግን በአፋችን ላይ ቀርቷል።

በአሜሪካ ቢዩክ ብልጭ ድርግም የሚለውን የኤሌትሪክ ፍሬቻ በ1939 ሞዴሎቹ ላይ አወጣ። ጋሼ «የሚጠጣላት አጥታ ነው» ያሉትም የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በአሮጌው አሠራር፣ ወደ አምፖሎቹ የሚሄደው ኤሌትሪክ በመንገዱ ላይ ያለችን ስስ የብረት ቅጠል ያሞቃታል። ቅጠሏ ስትሞቅ ትጎብጥና መስመሩን ትቆርጣለች፤ ስትቀዘቅዝ ተመልሳ ታገናኛለች። ብልጭታው የሚመጣው ከዚህ ነው። በኋላ የመጡት ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ደግሞ የሚያልፈውን ኤሌትሪክ መጠን ይለካሉ፤ ካነሰ፣ አንዱ አምፖል ተቃጥሏል ብለው በጣም በመፍጠን ለነጂው ያስታውቃሉ። በአሜሪካ በብዙ አሮጌ ፒካፖች ላይ የሚገኘው ቁጥር 1157 የተባለው አምፖል ለፍሬንና ለፍሬቻ ሲበራ ሁለት አምፔር ያህል ይስባል። ኤል ኢ ዲ የሚስበው የዚያን ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በአሮጌዋ ቅጠል ፍሬቻው ሳይበልጭ በርቶ ሊቀር ይችላል፤ በአዲሱ መሣሪያ ደግሞ ይርገበገባል። የወዳጄ ፒካፕ ጥፋቷ ቆጣቢ አምፖል መግባቱ ብቻ ነው፤ ቁጠባው እንደ ሕመም ተቆጥሮባት።

ሕጉና ሦስተኛው መብራት

በ1965 ራልፍ ኔደር በአሜሪካ መኪናዎች አደገኛነት ላይ ያወጣው መጽሐፍ ብዙ ካነጋገረ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1966 የመኪና ደኅንነት ሕግ ፈረሙ። በዚህም ሕግ መሠረት በ1960ዎቹ መጨረሻ የመብራትን ነገር የሚወስነው የፌዴራል ደረጃ ቁጥር 108 ጸና። የመብራቱ ቀለም፣ ብዛት፣ ከፍታና ድምቀት ሁሉ በዚህ ተወሰነ። ከድንጋጌዎቹ አንዱን በተለይ ላንሣ። የፍሬን መብራትና ተራው የኋላ መብራት በአንድ ቤት ውስጥ ሲሆኑ፣ በመካከለኛው የመለኪያ ነጥብ ላይ የፍሬኑ ብርሃን ከተራው ቢያንስ አምስት እጥፍ መሆን አለበት። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሁለቱም ቀይ ናቸውና ከኋላ ያለው ሰው «አለሁ» የሚለውን ከ«ልቆም ነው» የሚለይበት ምልክት የድምቀቱ ልዩነት ነው። አሮጌው 1157 አምፖል በውስጡ ሁለት ክር ያለው ለዚህ ነው፤ ትልቁ ክር ከትንሹ አሥር እጥፍ ያህል ያበራል።

ይህም ሆኖ ግጭቱ አልቆመም። በ1974 ጆን ቮቮድስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በሳንፍራንሲስኮ 343 ታክሲዎችን ወስዶ ከኋላ መስታወታቸው ግርጌ፣ መሐል ለመሐል፣ ሦስተኛ የፍሬን መብራት ገጠመባቸው። ሌሎች 160 ታክሲዎች እንደነበሩ ተዉ። ከአሥር ወር በኋላ ሲቆጠር፣ ሦስተኛ መብራት የነበራቸው ታክሲዎች ከኋላ የተገጩበት መጠን ከሌሎቹ ከ60 በመቶ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መንግሥትም በበኩሉ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግድም በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከሁለት ሺህ በሚበልጡ ታክሲዎች ላይ ሙከራ አስደርጎ ሐሳቡን የሚደግፍ ውጤት አገኘ። በኋላ ዘመን የስንቱ ወገናችን እንጀራ በሆነው በዋሽንግተን ታክሲ ላይ የተፈተነ መብራት ነው ማለት ነው፣ ዛሬ ከፊታችን በሚሄደው መኪና ሁሉ መስታወት ላይ የምናየው።

ኤልዛቤት ዶል የትራንስፖርት ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን ሦስተኛው መብራት ግዴታ ሆነ። ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ለቤት መኪናዎች ተወሰነ፤ ፒካፕና ሌሎች ቀላል የጭነት መኪናዎች ግን እስከ 1994 ሞዴል ድረስ ቆይተዋል። አሁንም የሥራ ከብቷ ተራ ኋላ ነበር። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራች ፒካፕ ያለው አንባቢ ከኋላ መስታወቱ በላይ ሦስተኛ መብራት ባያገኝ አይደነቅ።

ስለዚህ መብራት የመንግሥት ተመራማሪዎች በ1998 ያወጡት ጥናት አንድ ትምህርት ይዟል። በ1987 ከኋላ የመገጨትን አደጋ በ8.5 በመቶ ቀንሶ የነበረው መብራት፣ ከ1989 በኋላ ጥቅሙ 4.3 በመቶ ላይ ረጋ። ሰው አዲስ ነገርን አተኩሮ ያያል፤ ሲለምደው ዓይኑ ያልፈዋል። ቢሆንም አራት በመቶ ትንሽ አይደለም። ሁሉም መኪናዎች ሲኖራቸው በዓመት ከ58,000 እስከ 70,000 የሚደርሱ ሰዎችን ከመቁሰል እንደሚያድን ያው ጥናት ገምቶ ነበር።

ከማዕድን ቆፋሪ ቤት የወጣው ብርሃን

እስከዚህ ድረስ የመብራቱ ቁጥርና ቦታ ተለወጠ እንጂ ብርሃኑ ያው የጋለ ሽቦ ነበር። አምፖል የሚያበራው ክሩ እስኪነጣ ድረስ ግሎ ነው፤ ከሚበላው ኤሌትሪክም አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ኤል ኢ ዲ ግን ሳይግል ያበራል። በውስጡ ሁለት ዓይነት የተደረገ ቅንጣት ጠጣር ነገር አለ፤ ኤሌክትሮኖች የሁለቱን ድንበር ተሻግረው ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት በቀጥታ ብርሃን ይሆናል።

ይህን ብርሃን መጀመሪያ ያየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ራውንድ ሲሆን ዘመኑም 1907 ነው። አይቶም ብዙ ሳይገፋበት አለፈው። በ1920ዎቹ በሶቭየት ኅብረት ኦሌግ ሎሴቭ የተባለ ወጣት ቴክኒሽያን ነገሩን በሚገባ መርምሮ በ1927 ጽሑፍ አወጣበት። ሎሴቭ በ1942 ሌኒንግራድ በጀርመኖች ተከባ ሳለ በረሃብ ሞተ፤ ሥራውም ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቆየ።

በዓይን የሚታየውን ቀይ ኤል ኢ ዲ በ1962 በጄነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሠራው ኒክ ሆሎኒያክ ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች ቅርብ ነው። ወላጆቹ ከምሥራቅ አውሮፓ ከካርፓትያን ተራሮች ወደ አሜሪካ የመጡ ሲሆኑ፣ አባቱ በኢሊኖይ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበር። ልጁ በጉብዝናው በባቡር ሐዲድ ላይ የጉልበት ሥራ ሠርቷል፤ ወደ ትምህርት ያዘነበለውም ያ ሥራ ካደከመው በኋላ እንደሆነ ይናገር ነበር። ተምሮም በፊዚክስ ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የጆን ባርዲን ተማሪ ለመሆን በቃ። አባቱ ከጨለማ ጉድጓድ ውስጥ የሚነድ ነገር ያወጣ ነበር፤ ልጁ የማይነድ ብርሃን አወጣ። በ2014 ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ ለሠሩት ለኢሳሙ አካሳኪ፣ ለሂሮሺ አማኖና ለሹጂ ናካሙራ የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ ሆሎኒያክ አልተካፈለም። በ2022 በ93 ዓመቱ አረፈ።

የመጀመሪያው ቀይ ኤል ኢ ዲ ደብዛዛ ስለነበረ ለሰዓትና ለሒሳብ መኪና ቁጥር ማሳያ እንጂ ለመንገድ አይበቃም ነበር። በፀሐይ ብርሃን ፊት የሚታይ ደማቅ ቀይ የተገኘው በ1990 ግድም፣ የሆሎኒያክ ተማሪ የነበረው ጆርጅ ክራፎርድና የሥራ ባልደረቦቹ በሂውለት ፓካርድ ባደረጉት ጥረት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መኪና ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም። በ1998 የወጣው ማዜራቲ 3200 ጂ ቲና የ2000 ሞዴል ካዲላክ ዴቪል ሙሉ የኋላ መብራታቸው በኤል ኢ ዲ ከሆኑት ቀዳሚዎች ናቸው።

ጥቅሙ ኤሌትሪክ መቆጠብና አለመቃጠል ብቻ አይደለም። የአምፖል ክር ግሎ ሙሉ ብርሃኑን እስኪሰጥ ከሴኮንድ አምስተኛ እጅ ያህል ይወስድበታል፤ ኤል ኢ ዲ ግን ኤሌትሪኩ እንደደረሰ ይበራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቶሎ የሚበራ የፍሬን መብራት ከኋላ ያለውን ነጂ ቶሎ እንደሚያነቃው በመለካት አሳይተዋል። ሒሳቡን አንባቢ ራሱ ሊሠራው ይችላል። በሰዓት 65 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 95 ጫማ ይጓዛል። የዚያ አምስተኛ እጅ 19 ጫማ ነው፤ ከአንዲት ፒካፕ ቁመት ጋር የሚቀራረብ። ከኋላችን ያለው ሰው ያን ያህል ቀድሞ ፍሬን ይይዛል ማለት ነው።

መብራትና ፖሊስ

የኋላ መብራት ሌላም ታሪክ አለው፤ በተለይ ጥቁር ሆኖ በአሜሪካ መኪና የሚነዳ ሰው ሊያውቀው የሚገባ። ፖሊስ መኪና ለማስቆም ከሚያገኛቸው ቀላል ምክንያቶች አንዱ የተቃጠለ የኋላ አምፖል ነው። በ2009 በኖርዝ ካሮላይና አንድ መኪና ከሁለቱ የፍሬን መብራቶች አንዱ አልበራም ተብሎ ቆመ። የግዛቲቱ ሕግ ሲነበብ ግን የሚጠይቀው «አንድ የፍሬን መብራት» ሆኖ ተገኘ፤ የአንድ መብራትን ዘመን የሚያስታውስ አጻጻፍ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2014 ስምንት ዳኞች በአንድ ላይ፣ ፖሊሱ ሕጉን ቢሳሳትም ስሕተቱ የሚጠበቅ ዓይነት ስለሆነ ማስቆሙ ሕጋዊ ነው ብለው ፈረዱ።

በኤፕሪል 2015 በሳውዝ ካሮላይና የ50 ዓመቱ ዎልተር ስኮት በፍሬን መብራት ሰበብ ቆሞ፣ ሲሸሽ ከኋላው በፖሊስ ጥይት ተገደለ፤ ገዳዩ ፖሊስ በ2017 የ20 ዓመት እሥራት ተፈረደበት። በጁላይ 2016 በሚኒሶታ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ የነበረው የ32 ዓመቱ ፊላንዶ ካስቲል የፍሬን መብራትህ አይሠራም ተብሎ ከቆመ በኋላ ፍቅረኛውና ትንሽ ልጇ መኪናው ውስጥ እያሉ ተገደለ፤ የተከሰሰው ፖሊስ በነፃ ተለቀቀ። እነዚህን ሰዎች የገደላቸው የተቃጠለ አምፖል አይደለም፤ ነገሩ የተጀመረው ግን በአምፖል ስም ነው።

ከዚህ በኋላ አንዳንድ ቦታ ሰዎች ነቁ። በ2017 በሚኒያፖሊስ ማይክሮግራንትስ የተባለ በጎ አድራጊ ድርጅት፣ ፖሊስ ለተቃጠለ መብራት በቅጣት ወረቀት ፋንታ የነፃ ማሠሪያ ወረቀት እንዲሰጥ የሚያደርግ ሥራ ጀመረ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ቨርጂኒያ በ2020 ባጸደቀችውና በ2021 በጸናው ሕግ፣ ፖሊስ በአንዳንድ የመብራት ጉድለቶች፣ ለምሳሌ ሦስተኛው የፍሬን መብራት አልበራም ብሎ ብቻ፣ መኪና እንዳያስቆም ከለከለች። ፊላደልፊያም በ2022 ተመሳሳይ ደንብ በሥራ ላይ አዋለች። ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያልና የሚኖሩበትን አካባቢ ጠይቆ መረዳት ይገባል። የሁሉም ቦታ መድኃኒት ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው፤ መብራቱን አስቀድሞ ማየት።

ጋሼ የነገሩን

ኤል ኢ ዲ ይግባ ወይስ አይግባ? ጋሼ አይግባ አላሉም። በአግባቡ ይግባ ነው ያሉት። የነገሩንን ባጭሩ ላስፍር።

አንደኛ፣ ከቀይ ክዳን ኋላ ቀይ ኤል ኢ ዲ፣ ከብጫ ክዳን ኋላ ብጫ ይግባ። ነጩ ይበልጥ ያበራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ነጭ ኤል ኢ ዲ ከውስጡ ሰማያዊ ሲሆን በላዩ በተቀባ ብጫ ነገር ነጭ የተደረገ ነው፤ በውስጡ ቀይ ብርሃን ጥቂት ስለሆነ ቀዩ ክዳን አብዛኛውን ያስቀረዋል።

ሁለተኛ፣ የመብራቱ ቤት የተሠራው አንድ ቦታ ላይ ላለች ክር ነው። ከጀርባ ያለው መስታወት ብርሃኑን የሚበትነው ከዚያች ነጥብ ተነሥቶ ነው። ርካሽ ኤል ኢ ዲ ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን ብቻ ከላከ፣ ቅርብ ለቆመ ሰው የሚያንጸባርቅ፣ በጎን ለሚመጣው ግን የማይታይ ይሆናል። ከዚህም የባሰው የተራውና የፍሬኑ ድምቀት ሲቀራረብ ነው። ያን ጊዜ መብራቱ ደምቆም ዲዳ ነው። አቅም ላለው፣ አምፖሉን ብቻ ከመለወጥ ከነቤቱ ለኤል ኢ ዲ የተሠራውን መግጠም ይሻላል። በአሜሪካ በመብራቱ ላይ የሚታተመው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ምልክት መንግሥት መርምሮ አጸደቀው ማለት ሳይሆን፣ ፋብሪካው «ደረጃውን አሟልቻለሁ» ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው። በአውሮፓ ግን መብራቱ ከነአምፖል ዓይነቱ ተመርምሮ ስለሚጸድቅ፣ አምፖሉን ብቻ ወደ ኤል ኢ ዲ መለወጥ ከሕግ ሊያጣላ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ፍሬቻው ከተርገበገበ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለኤል ኢ ዲ የሚሆን የፍሬቻ ሪሌ መለወጥ ነው፤ ሪሌው ለብቻው በሚገኝባቸው አሮጌ መኪናዎች ላይ ይህ ይመረጣል። ሌላው ኤሌትሪክ የሚጠጣ ማገጃ ከመስመሩ ጋር ማያያዝ ነው። ይህ ማገጃ እጅ የሚልጥ ሙቀት ስላለው በብረት ላይ እንጂ በፕላስቲክ ወይም በሽቦ ላይ ፈጽሞ መታሰር የለበትም።

አራተኛ፣ መብራት አልበራም ሲባል መጀመሪያ ማሳውን ማየት ነው። የጥቁሩ ሽቦ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝበት ቦታ በውሃና በጨው ሲዝግ፣ አዲስ አምፖል ቢገባም ለውጥ የለም። ብርዳማ አገር የሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምር። አሮጌው አምፖል በሙቀቱ በረዶውን ያቀልጥ ነበር፤ ኤል ኢ ዲ ሙቀት ስለሌለው ክዳኑን በእጅ መጥረግ ያስፈልጋል።

ስለ ብጫ ካነሣን፣ በአሜሪካ ሕግ የኋላ ፍሬቻ ቀይም ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ፒካፖችም አንዱ ቀይ አምፖል የፍሬንም የፍሬቻም ሥራ ይሠራል። በአውሮፓ ብጫ መሆን አለበት። የአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች በ2009 ሲያጠኑት ብጫው ፍሬቻ ከኋላ መገጨትን በ5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አግኝተዋል። «ልቆም ነው» እና «ልታጠፍ ነው» ሁለት ቃላት ናቸውና በሁለት ቀለም ቢነገሩ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ነግረውን ሲያበቁ ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። ከፒካፗ ኋላ ሃያ አምስት እርምጃ ቆጥረው በብርዱ ውስጥ ቆሙ። ወዳጄ መሪው ላይ ተቀምጦ ፍሬን ረገጠ። ጋሼ እጃቸውን አላነሡም። ወዳጄ ለቀቀ፤ ደግሞ ረገጠ። አሁንም የለም። የግራው ተራ መብራትና የፍሬኑ መብራት ድምቀታቸው አንድ ሆኖ፣ መረገጡም መለቀቁም ከዚያ ርቀት አይለይም ነበር። ወዳጄ እንዲህ ሆኖ አምስት ቀን ሙሉ በአውራ ጎዳና ተመላልሷል።

አሮጌዎቹ አምፖሎች አልተጣሉም ነበርና ለጊዜው ተመለሱ። በሳምንቱ ከነቤቱ የተሠራ ኤል ኢ ዲ ገዝተው ጋሼ ራሳቸው ገጠሙለት። እንደገና ሃያ አምስት እርምጃ ተቆጠረ። በዚህ ጊዜ ፍሬኑ ሲረገጥ እጃቸው ቶሎ ተነሣ፤ ሲለቀቅ ወረደ። ወደ ጎን ሄደውም ተመለከቱ፤ ከዚያም እንዲሁ።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ከቤትዎ ሳይወጡ አንድ ሰው ከመኪናዎ ኋላ ያቁሙ፤ ልጅዎም ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤትዎም። ፍሬኑን ይርገጡና ይጠይቁት። የኋላ መብራትዎን እርስዎ አያዩትም። የሚያየው ከኋላ የሚመጣው ሰው ነው፤ እሱም የእርስዎን ቃል አምኖ ነው የሚነዳው።